አይዳ፤ የኢትዮጵያ ንጉሥ ልጅ በኢጣልያ ዜማ

ከአምቦ በስተ ደቡብ፣ ወንጪ ሐይቅ ዳር በሌሊት የቆመ ሰው በዐይኑ የሚያገኘው ነገር ጥቂት ነው። ውሃው ጨልሟል፤ ዙሪያውን የከበበው ገደል ከሰማይ ጋራ ተደባልቋል፤ በደሴቲቱ ላይ ያለው የቂርቆስ ቤተ ክርስቲያንም ተለይቶ አይታይም። ነገር ግን ሌሊቱ የጥር ቂርቆስ ዋዜማ እንደ ሆነ የከበሮውና የማኅሌቱ ድምፅ ውሃውን ተሻግሮ ይመጣል። ዘማሪው አይታይም፤ ዜማው ግን ይሰማል። በታንኳ ተሻግሮ ከማኅሌቱ መካከል የደረሰ ሰው በረከቱን ያገኛል፤ ከዳር የቀረው ደግሞ ናፍቆቱን ያገኛል። የተሰወረ ድምፅ በጨለማ ሲሰማ ልብን የሚይዘው እንዲህ ነው።

የኢጣልያው ባለ ዜማ ጁዜፔ ቬርዲ «አይዳ» የተባለውን ኦፔራ ሲደርስ ሦስተኛውን ክፍል የከፈተው በዚሁ ዐይነት ነው። ጊዜው ሌሊት ነው፤ ቦታው የዐባይ ዳር ነው። በዐለት መካከል መቅደስ አለ፤ ከመቅደሱ ውስጥ የማይታዩ ካህናት ድምፅ ይሰማል፤ ታንኳም ወደ ዳር ትጠጋለች። መቅደሱ የኢሲስ፣ ማለት የጣዖት ነውና በዚህ ከወንጪ ይለያል። ነገር ግን ከዚያ ዳር ብቻዋን ቆማ ስለ አገሯ የምታለቅሰው ሴት የኢትዮጵያ ንጉሥ ልጅ ናት። ስለዚህ ድርሰቱ ለኢትዮጵያ ሰው የሩቅ ወሬ ሊሆንበት አይችልም።

ኦፔራ በኢጣልያ ቋንቋ «ሥራ» ማለት ነው። ቃሉም፣ ዜማውም፣ እንቅስቃሴውም፣ ልብሱም፣ ሥዕሉም በአንድነት የሚሠሩበት ስለ ሆነ ስሙ ይገባዋል። ለቤተ ክህነት ልጅ ይህ እንግዳ ነገር አይደለም። በአቋቋም ቤት ያደገ ሰው ቃል ያለ ዜማ፣ ዜማ ያለ ጸናጽልና ያለ መቋሚያ፣ መቋሚያም ያለ ሽብሸባ ሙሉ እንዳይሆን ከልጅነቱ ያውቃል። ልዩነቱ ማኅሌቱ የሚቀርበው ለእግዚአብሔር ሲሆን ኦፔራው የሚቀርበው ገንዘብ ከፍሎ ለገባ ሰው መሆኑ ነው። ከዚህም የተነሣ በማኅሌት የሚጨበጨበው ለምስጋናው ነው፤ በኦፔራ ግን ለዘፋኙ ይጨበጨባል፤ ደስ ያላሰኘ እንደ ሆነም ይፉጨበታል። ሌሊቱን ሙሉ በመቋሚያ ተደግፎ ለሚያድር ሊቅ በለስላሳ ወንበር ተቀምጦ ሦስት ሰዓት መስማት ድካም ነው አይባልም።

ታሪኩ እንዲህ ነው። ኢትዮጵያውያን የግብጽን አገር ወረዋል ተብሎ ወሬ ይመጣል። ራዳሜስ የተባለ ወጣት የጦር አለቃ ሆኖ ይሾማል። ይህ ሰው አይዳን ይወዳል፤ አይዳም ትወደዋለች። እርሷ ግን ተማርካ የግብጽ ንጉሥ ልጅ የአምኔሪስ ገረድ ሆናለች፤ የንጉሥ ልጅ መሆኗንም ያወቀ የለም። አምኔሪስ ደግሞ ያንኑ ራዳሜስን ትወዳለች። ራዳሜስ ድል አድርጎ ሲመለስ ከምርኮኞቹ መካከል የአይዳ አባት ንጉሥ አሞናስሮ የተራ መኰንን ልብስ ለብሶ ይገኛል። አባትየው በሌሊት ልጁን በወንዙ ዳር አግኝቶ የግብጽ ጦር የሚሄድበትን መንገድ ከወዳጇ ጠይቃ እንድትነግረው ያስገድዳታል። ራዳሜስም ሳያስበው ምስጢሩን ይናገራል። ስለዚህም ካህናቱ ፈርደውበት ከነሕይወቱ ይቀበራል፤ አይዳም ቀድማ ከመቃብሩ ገብታ ስትጠብቀው ትገኛለች።

የዚህን ድርሰት መነሻ የጻፈው ኦጉስት ማሪየት የተባለ በግብጽ የጥንት ቅርስ ይቈፍር የነበረ ፈረንሳዊ ነው። ግጥሙን የገጠመው አንቶኒዮ ጊስላንዞኒ ነው። ያዘዘውና ዋጋውን መቶ ኃምሳ ሺህ ፍራንክ የከፈለው ግን የግብጹ ገዥ ኬዲቭ እስማኤል ነበር። ብዙ ሰዎች ለስዊዝ ቦይ መከፈቻ የተደረሰ ነው ይላሉ፤ ይህ ስሕተት ነው። ቦዩ የተከፈተው በኢትዮጵያ አቈጣጠር በኅዳር 1862 ዓ.ም. ነው። በዚያው ሰሞን የተመረቀው የካይሮ ኦፔራ ቤትም በመጀመሪያ ያሳየው የቬርዲን «ሪጎሌቶ» ነበር። «አይዳ» ከዚያ በኋላ ተጻፈ። ልብሱና ሥዕሉ ፓሪስ ላይ ሲዘጋጅ ከተማይቱ በ1863 ዓ.ም. በፕሩስያ ጦር ስለ ተከበበች ዕቃው ከዚያው ቀረ፤ ቀኑም ተላለፈ። በመጨረሻ በታኅሣሥ 15 ቀን 1864 ዓ.ም. ካይሮ ላይ ታየ። በኢትዮጵያ ያ ሌሊት የጾመ ነቢያት ሌሊት ነበር። ቬርዲ ራሱ ወደ ግብጽ አልሄደም፤ ልቡ ያረፈው በየካቲት መባቻ ሚላኖ ላይ በስካላ ቴአትር በታየው ላይ ነው። ያ የካይሮ ኦፔራ ቤት በ1964 ዓ.ም. ተቃጥሎ ጠፍቷል።

አንድ ነገር ሳይነገር ሊታለፍ አይገባም። በመድረክ ላይ ኢትዮጵያ ስትሸነፍና ንጉሧ ታስሮ ሲሄድ ባየ በአራተኛው ዓመት ኬዲቭ እስማኤል የቴአትሩን ነገር በእውነት ሊያደርገው ተነሣ። ጦሩ በኅዳር 1868 ዓ.ም. ጉንደት ላይ ከዐፄ ዮሐንስ ሠራዊት ጋራ ገጥሞ አለቀ፤ አዛዡ ዴንማርካዊው አረንድሩፕም ከዚያው ሞተ። በዚያው ዓመት በየካቲት መጨረሻ የመጣው ሁለተኛው ጦር ጉራዕ ላይ ተሰበረ። መለከቱ ካይሮ ላይ በቅድሚያ ተነፍቶ ነበር፤ ድሉ ግን ወዲህ ቀረ። ይህ ነገር ለቅኔ የሚመች ነው፤ ለትዕቢት ግን አይመችም፤ ቬርዲ በዚህ ዘመቻ እጅ የለበትምና።

በከተማ የተማሩ ሰዎች ስለዚህ ድርሰት ሲነጋገሩ በሁለት ይከፈላሉ። አንዱ ወገን የኢትዮጵያ ስም በታላላቅ አዳራሾች ሁሉ ተጠራ ብሎ ይኰራል፤ ሴት ልጁንም አይዳ ብሎ ይሰይማል። ሌላው ወገን ኢትዮጵያዊት ገረድ ሆና፣ ንጉሧም በሰንሰለት ተጐትቶ መታየቱ ውርደት ነው ብሎ ይቈጣል። ሁለቱም ሰሙን ብቻ ይዘው ሄደዋል። ከቅኔ ቤት የወጣ ሰው እንዲህ ያለውን ነገር ሲሰማ መጀመሪያ የሚጠይቀው «ወርቁ ወዴት ነው?» ብሎ ነው።

ከሁለቱም ወገን የማይሆን፣ ነገሩም ከባድ የሆነ ሦስተኛ ቅር መሰኘት አለ። በወሊሶና በጊቤ በኩል ከእነ ደጃዝማች ገረሱ ዱኪ ጋራ በዱር ያደሩ አርበኞች ልጆችና የልጅ ልጆች፣ በ1929 ዓ.ም. የደብረ ሊባኖስ መነኰሳት የተረሸኑበትን ቀን በጸሎት የሚያስቡ ካህናት፣ የኢጣልያን ዜማ ደስ ብሏቸው ይስሙ ዘንድ እንዴት ይጠየቃሉ? ይህን ጥያቄ በቀልድ ማለፍ አይገባም። መልሱም በዘመን ውስጥ ይገኛል። ቬርዲ በ1806 ዓ.ም. ሮንኮሌ በተባለች መንደር ከእንግዳ ማረፊያ ጠባቂ ተወለደ፤ በልጅነቱም በመንደሩ ቤተ ክርስቲያን ኦርጋን ይመታ ነበር። በዚያን ዘመን ሚላኖ በአውስትርያ እጅ ነበረች። ገና በወጣትነቱ በ1834 ዓ.ም. «ናቡኮ» የተባለውን ድርሰት አሳየ፤ ይኸውም የናቡከደነፆር ታሪክ ነው። በዚያ ውስጥ በባቢሎን የተማረኩት ዕብራውያን በአንድነት ስለ ጽዮን የሚያሰሙት ዜማ ለኢጣልያ ሕዝብ የነፃነት ናፍቆቱ መግለጫ ሆኖ ቀረ። እንግዲህ ይህ ሰው ከመጀመሪያ ጀምሮ ያዘነው ለምርኮኛ ነው። ዐድዋ ሲሆን የ82 ዓመት ሽማግሌ ነበር፤ በጥር 1893 ዓ.ም. ሞተ። የመርዝ ጋዙ የመጣው እርሱ ከሞተ ከሠላሳ አምስት ዓመት በኋላ ነው። አገሩ ከምርኮ ወጥታ ሌላውን ልትማርክ መሄዷ የእርሷ ዕዳ ነው፤ ለምርኮኛ የተደረሰው ዜማ ግን ከምርኮኛው ጋራ ቀርቷል።

ወደ ወርቁ ለመድረስ በሰሙ በኩል ማለፍ ግድ ነው። ሁለተኛው ክፍል የድል በዓል ነው። ለዚሁ ነገር ተለይተው የተሠሩ ረጃጅም ቀጥ ያሉ መለከቶች በሁለት ወገን ቆመው ይነፋሉ፤ አንደኛው ወገን ከጨረሰ በኋላ ሁለተኛው ያንኑ ዜማ ከፍ ባለ ድምፅ ይቀበለዋል። ወዲያና ወዲህ የሚቀባበሉ መዘምራንን የለመደ ጆሮ ይህን ወዲያው ይለየዋል። ሠራዊት ያልፋል፤ ምርኮ ያልፋል፤ ጣዖታት ያልፋሉ። በኢጣልያ ቬሮና ከተማ ባለው የሮማውያን የጥንት አደባባይ ከ1905 ዓ.ም. ጀምሮ ሲታይ ይህ ክፍል እጅግ ሰፍቶ ይሠራል፤ ተመልካቹም ስለዚህ ስለ ሰልፉ ሊያይ ይመጣል። እውነቱን ለመናገር ክፍሉ ረዝሟል፤ ጭፈራውም ሲበዛ ዐይን ይጠግባል፤ ልብ ግን ባዶውን ይቀራል። ሆኖም ቬርዲ ይህን ያደረገው ያለ ምክንያት አይመስልም። ለድል አድራጊው የሰጠው ጩኸትን ነው። ለተሸነፈችው የሰጠው ምን እንደ ሆነ በሚቀጥለው ክፍል ይሰማል።

መጋረጃው እንደገና ሲከፈት ያ ሁሉ መለከት የለም። ቫዮሊኖቹ አንድ ድምፅ ብቻ ይዘው እየደጋገሙ በቀስታ ያርገበግቡታል፤ በዚያ ላይ ዋሽንት ብቻዋን ትመጣለች። ከመቅደሱ ውስጥ የተሰወሩት ካህናት ያዜማሉ። አይዳ ፊቷን ሸፍና ገብታ አገሯን ዳግመኛ ላታይ መሆኗን ታስባለች። ይህን ዜማ ቬርዲ የጨመረው ድርሰቱ ካለቀ በኋላ፣ የካይሮው ቀን በመዘግየቱ ባገኘው ጊዜ ነው። በዜማው ውስጥ የኢትዮጵያን ሰማይ፣ ለስላሳ ነፋሷን፣ አረንጓዴ ኮረብታዎቿንና ቀዝቃዛ ሸለቆዎቿን ትጠራለች። መጨረሻው አጠገብ ዘፋኟ እጅግ ከፍ ወዳለው ድምፅ ትወጣለች፤ ደራሲው ግን በጩኸት እንድትወጣ አላዘዘም፤ በለስላሳ፣ በለሆሳስ እንድትወጣ ነው ያዘዘው። ከባዱም ይህ ነው። ጮኾ ከፍ ማለት ለብዙዎች ይቻላል፤ እያሳነሱ ከፍ ማለት ግን የጥቂቶች ነው። የዝማሬ መምህራንም ተማሪውን የሚፈትኑት በዚህ ነው።

እዚህ ላይ አንድ ደስ የሚያሰኝ ስሕተት አለ። የድርሰቱ ኢትዮጵያ በታሪክ ኩሽ፣ ማለት ዋና ከተማው ናፓታ የነበረው የዛሬው የሱዳን ምድር ነው። ከዚያ ተነሥተው እነ ፒያንኪ ግብጽን ድል አድርገው ገዝተዋል፤ በመጽሐፈ ነገሥት የተጠራው የኢትዮጵያ ንጉሥ ቲርሃቅም ከእነርሱ ወገን ነው። ስለዚህ በመጀመሪያው ክፍል ግብጻውያን ስለ ኢትዮጵያውያን መፍራታቸው ያለ ነገር አይደለም። ነገር ግን ናፓታ የአሸዋና የጠራራ አገር ነው። ገጣሚው ጊስላንዞኒ ኢትዮጵያን አላያትም፤ ቢያይም ሊያይ ይገባው የነበረው በረሃውን ነበር። እርሱ ግን ስለ ናፓታ እጽፋለሁ ብሎ ደጋውን ጻፈ። ጫፉ በአስታ የተሸፈነ፣ በታች እንሰት የተተከለበት፣ ጉም የሚወርድበት የወንጪ ሸለቆ ለአይዳ ዜማ ከናፓታ ይልቅ ይቀርባል። ኢጣልያ ላይ የተቀመጠ ሰው ሳያውቅ የመታው ዒላማ ይህ ነው።

ከዚህ በኋላ አሞናስሮ ከጨለማው ይወጣል። የአባትና የልጅ ክርክር የድርሰቱ ሁሉ ልብ ነው። መጀመሪያ አገሯን፣ ቤቷን፣ የቤተ መቅደሷን ወርቅ በጣፋጭ ዜማ ያስታውሳታል። ወዳጇን አሳልፋ እንድትሰጥ ሲጠይቃት እንቢ ትላለች። ያን ጊዜ ድምፁ ይለወጣል፤ የሞተችው እናቷ ከመቃብር ተነሥታ ስትረግማት ያሳያታል፤ በመጨረሻም አንቺ የፈርዖናውያን ባሪያ ነሽ እንጂ ልጄ አይደለሽም ይላታል። የቂርቆስን ገድል የሚያውቅ ሰው እዚህ ላይ ሳያስበው ማነጻጸሩ አይቀርም። በዚያ እናቲቱ ኢየሉጣ በፈላው ውሃ ፊት ስትፈራ የሦስት ዓመቱ ሕፃን ልጅዋ ያበረታታል፤ ፍቅራቸው ሁለቱንም ያድናል። በዚህ ግን አባት በልጁ ፍቅር ልጁን ይሰብራል። አሞናስሮ ክፉ ሰው አይደለም፤ አገሩ ተቃጥሏል፣ ሕዝቡ ተማርኳል፤ የሚናገረው ሁሉ እውነት ነው። ልጅቱም የምትለው ሁሉ እውነት ነው። ሁለት እውነት ተጋጭቶ አንዲት ነፍስ በመካከል ስትጨፈለቅ ቬርዲ ለማንም አልፈረደም። ክፋት ከደግነት ጋራ የሚጋጭበት ቴአትር ብዙ ነው፤ ይህን ያህል ግን አይከብድም።

ከዚያ ራዳሜስ ይመጣል፤ አይዳም አብረን እንሽሽ ትለዋለች፤ ጦሩ የሌለበት መንገድ የቱ እንደ ሆነም ትጠይቀዋለች። እርሱም የናፓታን ሸለቆ ስም ይጠራል። አንድ ቃል ናት። አሞናስሮ ያችኑ ቃል ተቀብሎ ከተደበቀበት ይወጣና ማን እንደ ሆነ ይገልጣል። ለወዳጁ መሸሻ የነበረችው ቃል ለጠላቱ መግቢያ ሆነች። በቅኔ ቤት ኅብር የሚባለው ይህ ነው፤ አንዲቱ ቃል ወደ ሁለት ትታያለች፤ ቤቱም ሁሉ በእርሷ ላይ ይዞራል። የቅኔው ኅብር ግን ሰሚውን ያስደስታል፤ የዚህኛው ዋጋ የሰው ሕይወት ነው።

ነቀፋም አለ። የድርሰቱ ኢትዮጵያውያን እንደ ሕዝብ የራሳቸው ዜማ የላቸውም፤ ምርኮኞቹ ምሕረት ይለምናሉ እንጂ ሌላ ነገር አይናገሩም። ኤውሮፓውያን «የምሥራቅ» የሚሉት የዜማ ቀለም ለግብጹም ለኢትዮጵያውም ሳይለይ ተቀብቷል። ካህናቱም ሁሉ ምሕረት የሌላቸው ሆነው ታይተዋል። የጣዖት ካህናት ናቸው ብሎ ማለፍ ይቻላል፤ ሆኖም ቬርዲ በአገሩ ካሉት ካህናት ጋራ የነበረው ቅራኔ እዚህ ገብቶ እንዳይሆን ያጠራጥራል። የሚያዩትም ሰዎች ጥፋት አለባቸው። ለረዥም ዘመን አይዳን የሚዘፍኑ ነጮች ፊታቸውን ጥቁር ቀለም ይቀቡ ነበር። በሐምሌ 2014 ዓ.ም. ቬሮና ላይ ይህ ገና እንዳልቀረ በታየ ጊዜ አንጀል ብሉ የተባለች ጥቁር አሜሪካዊት ዘፋኝ በዚያው ቦታ በሌላ የቬርዲ ድርሰት ልትዘፍን የነበረውን ተወች። ትክክል አድርጋለች። ሐዘኑ ያለው በዜማው ነው እንጂ በቀለሙ አይደለም። ይህንም ሊዮንታይን ፕራይስ የተባለችው ጥቁር አሜሪካዊት አስቀድማ አስመስክራለች፤ በ1952 ዓ.ም. ስካላ ላይ አይዳን ዘፈነች፤ በታኅሣሥ 1977 ዓ.ም. ኒው ዮርክ ላይ ከኦፔራ መድረክ ስትሰናበትም የመረጠችው ይህንኑ ድርሰት ነበር። የአገር ናፍቆቱን ዜማ ከጨረሰች በኋላ ሕዝቡ ጭብጨባውን እንቢ ብሎ ስላላቋረጠ እርሷ ሳትንቀሳቀስ ቆማ ቀረች።

ይህን ድርሰት ለመጀመሪያ ጊዜ የሚሰማ የኢትዮጵያ ሰው ታሪኩን አስቀድሞ ቢያነብ ይበጀዋል። ዛሬ በብዙ አዳራሾች ትርጓሜው ከመድረኩ በላይ በብርሃን ይጻፋል፤ ነገር ግን ዐይኑን ከጽሑፉ የማያነሣ ሰው ጆሮው ይደነቁራል። የቋንቋው አለመታወቅም የሚባለውን ያህል መሰናክል አይሆንም። የኢጣልያ ቃል አብዛኛው በአናባቢ ስለሚያልቅ ድምፁ ተዘርግቶ ይሄዳል፤ ግዕዙን ሳይረዳ በአራራይ ዜማ ዕንባው የሚመጣ ምእመንም ብዙ ነው። ከአምቦ አጠገብ ቦዳ የተወለዱት ጸጋዬ ገብረ መድኅን «ሐምሌት»ንና «ኦቴሎ»ን በአማርኛ ባናገሩ ጊዜ የባዕድ መድረክ በኢትዮጵያ አንደበት ሊኖር እንደሚችል አሳይተዋል። በኦፔራ ግን ቃሉ ከዜማው ጋራ ተጋብቶ ስለ ተሠራ ለመለየት ይከብዳል፤ ድጓን ወደ ሌላ ቋንቋ መልሶ በያሬድ ዜማ ለመቆም እንደ መሞከር ያለ ነው።

የመጨረሻው ክፍል መድረኩ ለሁለት ተከፍሎ ይታያል። በላይ መቅደሱ በብርሃን ተሞልቷል፤ በታች መቃብሩ ጨልሟል። ካህናቱ ድንጋዩን ይገጥማሉ። ራዳሜስ ብቻውን የሚሞት መስሎት ሳለ የሰው ትንፋሽ ይሰማል፤ አይዳ ናት። ሁለቱም ምድርን የሚሰናበቱበት ዜማ ከታች ወደ ላይ አንድ ጊዜ ከፍ ይልና ይወርዳል፤ ሌላ ምንም ጌጥ የለበትም፤ ሕፃን እንኳ አንድ ጊዜ ሰምቶ ሊይዘው ይችላል። ከላይ የካህናቱ ድምፅ ይሰማል፤ ከታች ግን ለእነርሱ መልስ የሚሰጥ የለም። አምኔሪስ፣ ያች በሁለተኛው ክፍል በዙፋን ተቀምጣ ምርኮኞችን ታይ የነበረችው፣ የሐዘን ልብስ ለብሳ ከድንጋዩ ላይ ትወድቃለች። ከእግሯ በታች አይዳ እንዳለች አታውቅም። በመጨረሻም ሰላም ትላለች፤ ትደግመዋለች፤ ቫዮሊኖቹም እየሳሱ፣ እየሳሱ ይሄዳሉ። ረጃጅሞቹ መለከቶች ያን ጊዜ በሣጥናቸው ናቸው።